ሰሙ ላይ የቀረች ትንሽ ጣት

መሠለች ሰሙን ያገኘችው ድስት ስትፈልግ ነው። የእጀታ መሥሪያ ቀንድ የሚቀቀልበት ድስት ባሏ ከሚሠራበት ጠረጴዛ ሥር ነበር። ጎንበስ ብላ ስትስበው አጠገቡ በቆርቆሮ ሳህን፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተነከረ የሽጉጥ ካዝና አየች። ካዝና ለሷ ብርቅ አይደለም። ባሏ ጠና የፖሊስ መሣሪያ ጠጋኝ ስለሆነ ባዶ ካዝናና የተሰነጠቀ ሰደፍ እቤቷ ውስጥ እንደ ጭልፋ ሲንከባለል ነው የኖረው። የዛሬው ግን ቂጡ ላይ ሰም ተለጥፎበታል። ሰሙ ላይ አንዲት ትንሽ ጣት ታትማለች፤ ከጣቷ ወዲያ የመዳፍ ሥጋ የተጫነው ጎድጓዳ አለ። ጠባብ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ የሴት ነው።

ሰሙም የራሷ! የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑን ወለል ስትጠርግ ከመቅረዙ ሥር እየለቀመች፣ ለጥቅምቱ የማርያም ወር ብላ ያጠራቀመችው የሻማ ቁራጭ። ሳይጠይቃት አቅልጦ የሌላ ሴት ጣት አተመበት።

ከጎረቤት ጋር በደቦ እንሰት ስትፍቅ ያደገች ሴት የሰው እጅ መለየት አያቅታትም። የማን መዳፍ የት ጋ እንደሻከረ፣ የማን አንጓ እንዳበጠ ጨለማ ውስጥ ዳብሳ ትነግርሃለች። ይህ እጅ እንሰት ፍቆ አያውቅም። ትንሿ ጣት ደግሞ ጫፏ ላይ ወደ ውስጥ ሰበር ትላለች። መሠለች እንዲህ ያለች ጣት ያየችው አንድ ቦታ ነው፤ የቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ የአብዮት ጥበቃዋ ልጅ ለመናገር እጇን ስታወጣ። የፎንቆው ነጋዴ የሰይድ ልጅ፣ ዘምዘም።

ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነው። ጊዜው የሰባ ስድስት ክረምት ነበር፤ ደርግ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ሽር ጉድ የሚልበት። በሰሜን ሰው በረሃብ እንደ ቅጠል ይረግፋል፤ እዚህ ደግሞ ቀይ ጨርቅ በጣቃ እየተቀደደ ሰፌድ የሚያህል ኮከብ ይሰፋል። የሚያፍር አልነበረም። ለበዓሉ ከተደገሱት ነገሮች አንዱ የሽጉጥ ተኩስ ውድድር ሆነና የከምባታና ሐዲያ አውራጃም ቡድን መርጦ አዲስ አበባ እንዲልክ ታዘዘ። በሴቶቹ በኩል የተመረጠችው ዘምዘም ናት። ምርጫ እንኳ አይባልም፤ ወንዶቹንም ጭምር በልጣ ስለተገኘች የሚያስቀሩበት ሰበብ ጠፍቶ ነው።

ውድድሩ ደግሞ ዒላማ መምታት ብቻ አይደለም። አንዱን ካዝና ተኩሶ መጨረስ፣ መንቀል፣ ሁለተኛውን ማጉረስ፣ እንደገና መተኮስ፤ በሰዓት ተይዞ። የያዙት ሽጉጥ ማካሮቭ ነው። የማካሮቭ ካዝና በራሱ ዱብ አይልም። ከእጀታው ተረከዝ ያለችውን ምላስ በአውራ ጣት ወደኋላ ገፍቶ፣ ቂጡን ይዞ መጎተት ግድ ነው። ካዝናዎቹ አርጅተው ቂጣቸው አልቋል፤ ጣት ያሟልጫል። የመለማመጃው ሜዳ ድንጋይ ስለሆነም በወደቁ ቁጥር ይጣመማሉ። ስለዚህ ጠና ከብረቱ ክዳን ሥር የቀንድ መርገጫ በትንንሽ ብሎን ሊገጥምላቸው አሰበ፤ ለመጎተት የሚያመች ከንፈር ያለው፣ ትንሿ ጣት የምታርፍበት የተቦረቦረ፣ ድንጋይ ላይ ቢወድቅ የማይጎዳ። ልኩ የሚወሰደው ከተኳሿ እጅ ነው። ካዝናው ቂጥ ላይ ሰም ለጠፈ፣ ሽጉጡ ውስጥ ከተተና «ጨብጪ» አላት። ጨበጠች። ይኸው ነው። ኃጢአት የለበትም።

ታዲያ ኃጢአት ከሌለበት ለሚስቱ መንገር ምን ነበረበት? ምንም። ግን እንደ ጠና ያለ ወንድ ስለ ሥራው ለሚስቱ መንገር ለድስቱ መንገር ይመስለዋል። ከድስቱ ሥር እሳት የምታነደው እሷ፣ ቀንዱ መለስለሱን ከሽታው የምታውቀው እሷ፣ «አሁን አውጣው» የምትለው እሷ! ምስጋናው ሲመጣ ግን «የጠና እጅ» ነው የሚባለው።

መሠለች የገዛ ጣቷን አየች። የጋብቻ ቀለበቷን ጠና ከገበያ በግምት ነው የገዛው። ስለሰፋት ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ ክር ጠምጥማበት ነው የምታጠልቀው። ክሩ ያልቃል፣ ትቀይረዋለች፤ ያልቃል፣ ትቀይረዋለች። አንድ ቀን «አምጪ ላጥብብልሽ» ያላት የለም፤ ያውም ብረት ጠጋኝ አግብታ! ለሰው ሴት ግን ሰም አቅልጦ፣ ልኩ እንዳይበላሽ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ከጠረጴዛ ሥር አስቀምጦ ይሳሳለታል።

«ሰማሽ?» አለቻት ጎረቤቷ ፋጡማ በማግሥቱ፣ በአጥሩ ክፍተት ፊቷን አስግጋ። ፋጡማ ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ወሬውንም እንደ ቅቤው ሳይበላሽ ነው የምታደርሰው።

«ምኑን?»

«የባልሽን ነዋ! የዘምዘምን እጅ ሲለካ ዋለ አሉ። ጣት በጣት።»

«ሥራው ነው።»

«እሱስ ሥራው ነው። የኔም ሰውዬ ሹፌር ነኝ፣ ሥራዬ ነው እያለ አይደል ሺንሺቾ ላይ ሁለተኛ ጎጆ የቀለሰው!» ብላ ፋጡማ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ የመሠለችን ፊት አየችና ልታጽናናት ሞከረች። «ኧረ ቀልዴን ነው፣ አንቺ ደግሞ! ጠና እንኳን የሰው ሴት፣ አንቺንም አይቶ አያውቅ!»

መጽናኛው ከስድቡ የባሰ ሆነባት።

ምሳውን ወስዳለት የማታውቀው ሴትዮ ያን ቀን ምሳ ቋጥራ ሜዳ ወረደች። ስትደርስ ዘምዘም ሻሿን ወደኋላ አስራ ክንዷን ዘርግታለች፤ ጠና ከጎኗ ቆሞ ሰዓት ይይዛል። ልጅቷ ተኮሰች፣ ልትጎትት ስትል ካዝናው ከጣቷ አመለጣት።

«አየህልኝ ጋሼ ጠና፣ ይቺ ጉደኛ እኮ አልያዝ አለችኝ!»

ጠና ሳቀ። ከልቡ፣ ድዱ እስኪታይ። መሠለች ያንን ሳቅ ካየችው ከመቆየቷ የተነሳ የሌላ ሰው መሰላት። እቤት ሲመጣ የሚያመጣው ዝምታውን ነው፤ ሳቁን እዚህ ሜዳ ላይ ነው ለካ የሚጨርሰው።

ዘምዘም አየቻትና ሮጣ መጥታ ጉንጯን ሳመቻት። «እትዬ መሠለች! እንዴት አድርገሽ በዚህ ጭቃ መጣሽ? የባለቤትሽ እጅ እኮ ወርቅ ነው፣ እድለኛ ነሽ።»

«እጁንማ የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ልጅቷ ወይ አልሰማችም፣ ወይ ሰምታ ተወችው። የምሳውን ቋጠሮ ተቀብላ «እኔ ልያዝልሽ፣ ደክሞሻል» አለች። ሸክሙ ግን አልከበዳትም ነበር፤ የከበዳት የልጅቷ መልካምነት ነው። ሰው የሚጠላውን ሰው ባለጌ ሆኖ ቢያገኘው ምን ያህል ይቀለው ነበር!

እቤት ስትገባ በቀጥታ ወደ ሳህኑ ሄደች። ሰሙን ልትሰባብረው ነበር። ካዝናውን ከውሃው አውጥታ በቀሚሷ አደረቀችው። መዳፏ ውስጥ ሲቆይ ሰሙ በሙቀቷ ለዘብ አለ። ያኔ እጇ ከሐሳቧ ቀደመ። ትንሿን ጣቷን በዚያች ጣት ቦታ አሳረፈችና ጨበጠች። በኃይል ጨበጠች። የዘምዘም ጣት ጠፋች፤ በቦታዋ ቆዳዋ የሻከረ፣ አንጓዋ የወፈረ ጣት ተኛች። የመዳፏ ሥጋ ሰሙን ወደኋላ ገፍቶ ወደ ተረከዙ አሳበጠው። ካዝናውን ውሃው ውስጥ መልሳ ድስቷን ይዛ ወጣች።

ሞኝነት ነው? ነው። ክፋትስ? እሱም አለበት። ግን ይህን የሚፈርድ ሰው አስቀድሞ አንድ ነገር ይመልስ፦ ያቺ ሴት በዕድሜዋ በእጇ ልክ የተሠራላት ዕቃ ነበራት? የእንሰት መፋቂያዋ የአማቷ፣ ቀለበቷ የግምት፣ ጫማዋ የተገኘው። ሌላ መንገድ ማን አሳያት?

ጠና አላወቀም። ቀንዱን ቀቀለ፤ እሳቱን እሷ አነደደች። ሲለሰልስ በሞርሳ ጨምቆ ጠፍጣፋ አደረገው፣ በመጋዝ ቆረጠው፣ በሞረድ እየላገ ከሰሙ ጋር ያስተያይ ጀመር። ሁለት ካዝና ስለሆነ ሁለት መርገጫ።

«ደህና እጅ ነው ያላት» አለ ሰሙን ወደ ብርሃን እያዞረ። «ከዚህ በፊት እንዲህ መሆኑን ልብ አላልኩም። ጨባጭ እጅ። የሚታመን እጅ።»

መሠለች እሳቱን እፍ ትል ነበር። ጭሱ ነው እንዲባልላት ዓይኗን በቀሚሷ ጠረገች። ሲያመሰግን የኖረ አፍ አልነበረውም፤ ዛሬ ሲያመሰግን የእሷን እጅ በሌላ ሴት ስም ነው። በገዛ እጇ ቀናች።

የፍተሻው ቀን የቡድኑ አለቃ መቶ አለቃ ዳኘ መጣ። ዳኘ ቦት ጫማው እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ጭቃ ሲረግጥ ጭቃውን የሚቆጣ ሰው ነው። ዘምዘም ተኮሰች፤ ዒላማው ላይ ችግር የለም። ካዝናውን ልትነቅል ስትል ግን የቀንዱ ተረከዝ አብጦ የሽጉጡን ምላስ ሸፍኗል፤ አውራ ጣቷ መግፊያ አጣች። ትንሿ ጣቷም በሰፊው ጉድጓድ ውስጥ ዋኘች። ጎተተች፣ ታገለች፤ ሰዓቱ አለቀ።

«ምንድን ነው ይሄ? የዝሆን መርገጫ ነው?» አለ ዳኘ። መርገጫዎቹን አስፈትቶ ጠና ደረት ላይ ወረወራቸው። «ጓድ ጠና፣ ወይ ታውረሃል፣ ወይ አሻጥር ነው። ከሁለቱ አንዱን አጣርቼ እደርስበታለሁ። ሌላ ሠርተህ ታሳየኛለህ፤ ካልሆነም ከሺንሺቾ ሌላ ጠጋኝ አስመጣለሁ።»

አሻጥር! ያ ቃል በዚያ ዘመን ሰው ይበላ ነበር። መኪና ቢበላሽ አሻጥር፣ በቆሎ ቢነቅዝ አሻጥር። ስሙ የተጠራበት ሰው በር ላይ የቆመ መኪና ይወስደዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሚስቱ ስንቅ ይዛ ከበር በር ትንከራተታለች።

ጠና እቤት መጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን ያያል፤ ሌላውን ጨፍኖ ደግሞ ያያል።

«መሠሉ» አላት። እንዲህ ብሎ ከጠራት ቆይቷል። «ዓይኔ ሄደ መሰለኝ። ሰሙን አይቼ ነው የሞረድኩት፤ እንዲህ አልሳሳትም ነበር። ዓይኔ ከሄደ ምን ልሠራ ነው?»

ልትችለው አልቻለችም። ለስድብ፣ ለጩኸት፣ ለጥፊም ተዘጋጅታ ነበር፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀችም።

«ዓይንህ አልሄደም። እኔ ነኝ።»

«ምኑን ነው አንቺ?»

«የሷን አጥፍቼ የራሴን ጨበጥኩበት። ሰሙ ላይ።»

ሁለቱ ሲጣሉ የአንጋጫዋ መሠለች በከምባትኛ፣ እሱ በሐዲይኛ ነው፤ ሲታረቁ በአማርኛ። ያን ቀን ጎረቤት ሦስቱንም ቋንቋ ሰማ።

«ለምን? አብደሻል?»

«ለምን? አንድ ቀን እጄን ይዘህ አይተኸዋል? ሰፊ ይሁን ጠባብ ታውቀዋለህ? ይኸው ቀረጽከው፣ አመሰገንከው፤ ቀርጸህም አላወቅከውም!»

«አንቺ ሴት፣ የመንግሥት መሣሪያ ነው!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዳኘ ቢሰማ ፀረ አብዮት ብሎ ነው የሚወስድሽ። እኔንም አብሮ። ይገባሻል?»

«ገባኝ። አንተ ነህ ያልገባህ።»

መርገጫዎቹን ከኪሱ አወጣ። «አቃጥያቸው። አንድ ሰው በእጅሽ ቢለካቸው አለቀልን።»

ተቀበለችው። እሳት ውስጥ ከመጣሏ በፊት አንዱን ጨበጠችው። እንዴት ብሎ ገጠማት! ትንሿ ጣቷ ቤቷን እንዳገኘች ገባች፤ መዳፏ ላይ የተረፈም የጎደለም የለም። በእጇ ልክ የተሠራላት የመጀመሪያ ዕቃ ነው፤ በዚያው እጅ ከሌላው ጋር እሳቱ ውስጥ ጣለችው። የቀንድ ሽታ ሰፈሩን ሞላው።

«መሠለች! ምን እያነደድሽ ነው? ገደልሽን እኮ!» ጮኸች ፋጡማ።

«የቀንድ ፍርፋሪ ነው! አፍንጫሽን ያዢ!»

ዘምዘም ዘንድ የሄደችው ራሷ ናት፤ ማንም አልላካትም። ልጅቷ ያረፈችበት የአክስቷ ቤት በር ላይ ቆማ፣ ግቢ ብትባልም ሳትገባ፣ ሁሉንም ነገረቻት።

ዘምዘም አፏን ያዘች። «ቀንተሽ?»

«ቀንቼ።»

«በጋሼ ጠና?!» አለችና ሳቅ አመለጣት። «አይ እትዬ! እሱ እኮ ሰሙን ነው ያየው። እጄ ተቆርጦ ሰሙ ቢቀርለት ደስታው ነው። አንቺንም አያይ፣ እኔንም አያይ፤ ምኑ ያስቀናል?»

እውነቷን ነው። እውነትነቱ ግን የመሠለችን ቅናት አላበረደም። እንዲህ ቀለል አድርጎ መሳቅ ከየት ይገዛል? ይህች ልጅ በሰው ባል የማትቀናው፣ ማንም ሳይሰጣት የራሷን ቦታ ስለያዘች ነው። በዚህም ቀናችባት።

ሰሙን መሠለች ለወሰችው፣ ዘምዘም ጨበጠችው። ጠና ዳግመኛ ቀንድ ቆረጠ። በሁለተኛው ፍተሻ ካዝናው ከልጅቷ እጅ እንደ ዓሣ ሾልኮ ወጣ፣ ሌላው ጎረሰ፣ ዒላማው ተበሳሳ። ወንዶቹ አጨበጨቡ። መሠለችም ምሳ ይዛ ዳር ቆማለች። ዳኘ ሰዓቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ያልረሳው ነገር ግን ነበረው።

«ታዲያ የመጀመሪያው ምን ነክቶት ነበር?»

ጠና አፉን ከፈተ፤ ምን ሊል እንደሆነ እሱም አያውቅም።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለች ዘምዘም። «ሰሙን ስጨብጥ የሱፍ ጓንት አድርጌ ነበር። በርዶኝ።»

«በርዶኝ! በአብዮት ሥራ ላይ በርዶኝ! እንግዲያው አዲስ አበባ ተጠባባቂ ሆነሽ ትሄጃለሽ። ተጠባባቂ የነበረችው የጊምቢቹዋ ልጅ ትተኩሳለች። ጨርሻለሁ።»

የልጅቷ ፊት ተለወጠ፤ የገመተችው ተግሣጽ ነበር እንጂ ይህን አልነበረም። ሽጉጡን አስረክባ ሄደች። መሠለች አንድ ቃል ብትናገር ነገሩ ይገለበጥ ነበር። አልተናገረችም። ይህ አይሸፈንላትም፤ ቆማ አየች፣ ዝም አለች።

«ማን ለመናት?» አለች ወደ ቤት ሲሄዱ።

«ለኛ ብላ ነው።»

«ለኛ! አሁን ደግሞ ውለታዋን ልሸከምላት?» መሠለች ሰላም አላገኘችም። ከጣቷ፣ ከሳቋ፣ ከተኩሷ ሌላ አሁን ደግነቷም ተጨመረ። በሰው ደግነት መቅናት እንዴት ያለ ገሃነም ነው!

ቡድኑ የሚሳፈርበት ቀን መኪናው ቆሞ ሻንጣ ይጫናል። መሠለች ሰዉን በክርኗ እየገፋች ዳኘ ፊት ደረሰች። ጠና ከኋላዋ ነጠላዋን ያዘ፤ መንጭቃ አስለቀቀችው።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ልጅቷ ዋሽታለች። ጓንት የለም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ። እሷ ትተኩስ።»

ዳኘ ከላይ እስከ ታች አያት። ነጠላዋን አየ፣ ጭቃ የጠጣ ጫማዋን አየ፣ እጇን አየ። ከዚያ ሳቀ።

«አንቺ? በዚህ የእንሰት መፋቂያ? ሽጉጥ ነክተሽስ ታውቂያለሽ፣ እናቴ?» ወደ ሹፌሩ ዞረ። «ስማ አንተ፣ አሻጥረኛ አገኘንልህ!»

ሹፌሩ ሳቀ፤ መኪናው ላይ የተሳፈሩትም ሳቁ። ዝናብ ሲዘገይ አሻጥር የሚሸተው ሰውዬ፣ አንዲት ሴት በአፏ «እኔ ነኝ» ስትለው ማመን አቃተው። ያዳናት ሌላ አይደለም፣ ንቀቱ ነው። እንዲህ ያለ መዳን ምን ዓይነት መዳን እንደሆነ የተናቀ ሰው ይናገር።

ያልሳቀችው ዘምዘም ብቻ ናት። የመኪናውን ጎን ይዛ መሠለችን ስታያት ቆየች። «ግቢ በቃ እትዬ፣ ይበርድሻል» አለቻት። መኪናው ተነሳ። አዲስ አበባ ደርሳም አንድ ጥይት ሳትተኩስ ነው የተመለሰችው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፍን» አለ ጠና፣ ላቡን እየጠረገ።

«አንተ ተርፈሃል።»

ጥቂት ከሄዱ በኋላ ዝግ ብሎ ጠየቃት። «አሁንም ትቀኝባታለሽ?»

«አዎ።»

«አሁን ደግሞ በምኗ?»

«እሷ ዋሽታ ታመነች» አለችው። «እኔ እውነቱን ተናግሬ ተሳቀብኝ።»

መልሱን አልጠበቀችም፤ ነጠላዋን አጥብቃ ቀድማው ሄደች።